ቪኤይት፦ ጥሪት ነው ወይስ ወጪ?

ንግድ ሲሰምር ከሱቁና ከመጋዘኑ ቀጥሎ ነጋዴው የሚያስበው መኪና ነው። በአዲስ አበባ ደግሞ የመኪኖች ሁሉ አውራ ተደርጎ የሚታየው በተለምዶ «ቪኤይት» የሚባለው ትልቁ ላንድክሩዘር ነው። ደላላው «ይኼ መኪና አይደለም፣ የቆመ ገንዘብ ነው» ይላል። ገዝቶ የሚነዳው ወዳጅም «ቢዘገይብህ እንጂ አትጸጸትም» ብሎ ይመክራል። የድርጅቱ ሒሳብ ሠራተኛ ግን ብዙውን ጊዜ ዝም ይላል። የዛሬው ጽሑፋችን ዓላማ የመኪናውን ጠንካራና ደካማ ጎኖች ለየብቻ አስቀምጦ፣ ሒሳብ ሠራተኛው ቢጠየቅ ኖሮ ሊናገር የሚችለውን ለአንባቢያን ማቅረብ ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እንለይ። ቪኤይት የሚገዛ ሰው በአንድ ሊብሬ ሦስት ነገር ይገዛል። አንደኛው የሥራ መሣሪያ ነው፤ ሁለተኛው ገንዘብ ማቆያ ጥሪት ነው፤ ሦስተኛው የክብር ልብስ ነው። ሦስቱም በገበያ ዋጋ አላቸው፣ ማናቸውንም መግዛት ነውር የለበትም። ኪሳራው የሚመጣው ለክብሩ እየከፈሉ «ለሥራ ነው የገዛሁት» ብሎ ራስን ሲያታልሉ ነው።

የትኛው ቪኤይት?

ላንድክሩዘር እ.ኤ.አ. ከ1951 ጀምሮ ሲሠራ የኖረ መኪና ነው። ገበያው ዛሬ ቪኤይት የሚለው በአብዛኛው እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣውን 200 ተከታታይ ሞዴል ነው። ስሙ የመጣው በቪ ቅርጽ ከተደረደሩ ስምንት ሲሊንደሮች ነው። ይሁንና 200 ሁሉ ቪኤይት አይደለም። ባለ 4.5 ሊትር የናፍጣ ሞተሩ እንዲሁም ባለ 4.6፣ ባለ 4.7 እና ባለ 5.7 ሊትር የቤንዚን ሞተሮቹ ስምንት ሲሊንደር ሲሆኑ፣ ለባሕረ ሰላጤው አገሮች ገበያ ይቀርብ የነበረው ባለ 4.0 ሊትር ቤንዚን ግን ስድስት ሲሊንደር ነው።

እ.ኤ.አ. በ2021 የተተካው 300 ተከታታይ ሞዴል ደግሞ ጭራሹኑ ስምንት ሲሊንደር የለውም። ዋነኞቹ ሞተሮቹ ባለ 3.3 ሊትር ናፍጣና ባለ 3.5 ሊትር ቤንዚን ናቸው፤ ሁለቱም ስድስት ሲሊንደርና ባለ ሁለት ተርቦ ናቸው። ስለዚህ ደላላ «አዲሱ ቪኤይት» ሲል ሰፈር ያወጣለትን ስም እየጠራ ነው፣ የሞተሩን ዓይነት አይደለም። ገዢው በመጀመሪያ የሚጠይቀው ጥያቄ «ሞዴሉ ስንት ነው?» ሳይሆን «ሞተሩ የትኛው ነው?» መሆን ይኖርበታል። የነዳጁም፣ የጥገናውም፣ የመሸጫ ዋጋውም ልዩነት የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ጠንካራ ጎኖቹ

አንደኛ፣ አካሉ በሻንሲ ላይ የተሠራ ነው። ከመሬት ያለው ከፍታ ወደ 23 ሳንቲ ሜትር ይጠጋል፣ እስከ 70 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ውኃ እንዲሻገር ተደርጎ የተሠራ ነው፣ በብዙ አገሮች እስከ 3,500 ኪሎ ግራም ተጎታች እንዲጎትት ተፈቅዶለታል። ክረምት ላይ ወደ እርሻው፣ ወደ ማዕድን ቦታው ወይም ወደ ቡና መፈልፈያው ለሚወርድ ባለሀብት እነዚህ ቁጥሮች ጌጥ አይደሉም። ጭቃ ውስጥ ተይዞ የሚያድር መኪና የሠራተኛ ደመወዝም፣ የውል ቀንም ይዞ ነው የሚያድረው።

ሁለተኛ፣ ከፍታውን ይችላል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ተርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ በግምት ከአምስት አንድ እስከ ከአራት አንድ ያጣል። ተርቦ ያለው ሞተር አየሩን ጨምቆ ስለሚያስገባ ጉድለቱን አብዛኛውን ይክሳል። ዱባይ ላይ ፈጥኖ የታየው ባለ 4.0 ሊትር ቤንዚን እንጦጦን ሲወጣ የሚከብደው፣ ባለ 4.5 ሊትር ናፍጣው ግን እምብዛም የማይሰማው ለዚህ ነው። በወረቀት ላይ ያለውን የፈረስ ጉልበት ብቻ አይቶ መግዛት ለባሕር ዳርቻ አገር ይበጃል፣ ለደጋ ግን አይበቃም።

ሦስተኛ፣ ሩቅ ይሄዳል። ተጨማሪ ታንከር ያለው የ200 ናፍጣ 138 ሊትር ይይዛል። በረጅም መንገድ በ100 ኪሎ ሜትር 11 ሊትር ይፈጃል ብንል በአንድ ሙሌት 1,250 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል ማለት ነው። ከአዲስ አበባ ሞያሌ ደርሶ፣ ሳይሞላ ተነሥቶ፣ የመልሱን ከግማሽ በላይ ይዘልቃል። በጠረፍ ከተማ ማደያ ላይ ወረፋ የጠበቀ ሰው የዚህን ጥቅም ሳይነገረው ያውቀዋል።

አራተኛ፣ የሚያውቀው ሰው ብዙ ነው። መካኒኩ ያውቀዋል፤ ሶማሌ ተራ መለዋወጫው ይገኛል፤ ለመሸጥ ሲወጣም ጠያቂ አያጣም። ፍላጎቱም የእኛ አገር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 አዲሱ 300 ሲወጣ በጃፓን የነበሩ አከፋፋዮች ገዢዎችን ለተወሰነ ጊዜ መልሰው እንዳይሸጡት ቃል ያስፈርሙ ነበር። በ2022 መጀመሪያ ላይ ደግሞ ቶዮታ የጃፓን ገዢዎች እስከ አራት ዓመት ሊጠብቁ እንደሚችሉ አስታውቋል። ለነጋዴ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ በአስቸኳይ ጊዜ ወደ ጥሬ ገንዘብ የሚለወጥ ንብረት እና ገዢ ፍለጋ ወራት የሚቆም ንብረት እኩል አይደሉም።

ደካማ ጎኖቹ

የመጀመሪያው ነዳጅ ነው። የአሜሪካ መንግሥት መለኪያ ለባለ 5.7 ሊትሩ ቤንዚን በከተማ ውስጥ የሰጠው ፍጆታ በ100 ኪሎ ሜትር 18 ሊትር ያህል ነው፤ በእኛ አነጋገር በሊትር አምስት ኪሎ ሜትር ተኩል። ያውም ከቦሌ መርካቶ ያለው መጨናነቅ አልተጨመረበትም። ናፍጣው ከዚህ ይሻላል፤ ቢሆንም 2.7 ቶን ገደማ የሚመዝን ብረት በየመብራቱ ማስቆምና ማስነሣት ያለ ነዳጅ አይሆንም። መንግሥት ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ድጎማን ደረጃ በደረጃ ሲያነሣ የታለመ ድጎማ የተተወው ለሕዝብ ማመላለሻ ነው። የግል መኪና ባለቤት ጭማሪውን ሁሉ በራሱ ኪስ ተቀብሏል።

ሁለተኛው ግዝፈቱ ነው። አምስት ሜትር ሊሞላ ጥቂት የሚቀረው ርዝመትና ሁለት ሜትር የሚጠጋ ስፋት ለገጠር መንገድ ምንም አይደለም፤ ለሕንፃ ሥር ማቆሚያና ለመርካቶ መተላለፊያ ግን ፈተና ነው። ክብደቱ የፍሬን ሸራና ጎማ ቶሎ ይበላል። ቁመቱ ደግሞ በፍጥነት ሲታጠፍ የመገልበጥ አደጋውን ከቤት መኪና ከፍ ያደርገዋል። «ትልቅ ነው፣ ምንም አይነካኝም» ብሎ የሚነዳ ሰው የመኪናውን ጥንካሬ ከፊዚክስ ሕግ ጋር አምታቷል።

ሦስተኛው ጥገና ነው። የናፍጣው ቪኤይት አንድ ጊዜ ዘይት ሲቀየርለት ዘጠኝ ሊትር ገደማ ይጠጣል። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምርቶች ዘይት በመጨረስ ይታወቃሉ፤ ስለዚህ የዘይት መለኪያውን ዘንግ ሳያዩ መግዛት አይገባም። የነዳጅ መርጫዎቹ በከፍተኛ ግፊት የሚሠሩ በመሆናቸው ውኃ ወይም ቆሻሻ የገባበት ናፍጣ ይገድላቸዋል። አንድ የነዳጅ ማጣሪያ በጊዜው አለመቀየር የስምንት መርጫዎች ዕዳ ሊያመጣ ይችላል። ባለ 4.7 ሊትሩ ቤንዚን ደግሞ ታይሚንግ ቤልቱ በጊዜው መቀየር አለበት፤ የናፍጣው በሰንሰለት ነው የሚሠራው።

አራተኛው ቅንጦቱ ራሱ ነው። የኤሌክትሪክ ወንበር፣ የጣሪያ መስኮት፣ ካሜራ፣ ማቀዝቀዣና በኮምፒውተር የሚታዘዝ እገዳ ሲሠሩ ደስ ይላሉ። ዕድሜ ሲጫናቸው ግን እያንዳንዳቸው የወጪ በር ናቸው። በአንድ ዓይነት ሻንሲ ላይ የተሠራው ሌክሰስ ኤልኤክስ 570 ከፍታውን በሃይድሮሊክ ዘይት ያስተካክላል። ምቾቱ የታወቀ ነው፤ ሲያፈስ ግን ተራውን የብረት ሞላ ያስመኛል። የረጅም መንገድ ሰው ቀለል ያለውን ሞዴል የሚመርጠው ገንዘብ አንሶት ላይሆን ይችላል።

አዲሱን መግዛትም ከጣጣ ሁሉ አያድንም። እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ቶዮታ 300ን ጨምሮ የአሥር ሞዴሎችን መኪኖች ማውጣት ለጊዜው አቁሞ ነበር፤ ምክንያቱም የናፍጣ ሞተሮቹ የጉልበት ማረጋገጫ ፈተና በአግባቡ ሳይካሄድ መገኘቱ ነው። በዚያው ዓመት ደግሞ ከባለ 3.5 ሊትሩ ቤንዚን ጋር አንድ ቤተሰብ የሆነ ሞተር የተገጠመላቸው 102,000 ያህል ተንድራና ሌክሰስ መኪኖች፣ ከፋብሪካ የቀረ የብረት ቅሪት በሞተሩ ውስጥ ሊኖር ይችላል በሚል በአሜሪካ ተጠርተዋል። ስም ያለው ዕቃም ይፈተሻል።

ተፎካካሪዎቹም ከእነዚህ ችግሮች አያመልጡም። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የኒሳን ፓትሮል ባለ 5.6 ሊትር ስምንት ሲሊንደር በጉልበት የሚታማ አይደለም፤ ግን የናፍጣ ሞተር አልነበረውም። ለእኛ መንገድና ኪስ ይህ አንድ ጉድለት ብዙ ያስቀንሳል።

የሚረሳው ሒሳብ

ብዙ ገዢ ነዳጅና ጥገና ይቆጥራል፤ በመኪናው ውስጥ የታሰረውን ገንዘብ ግን አይቆጥርም። ለስሌት እንዲመቸን መኪናው 10 ሚሊዮን ብር ነው እንበል፤ ይህ ምሳሌ እንጂ የገበያ ዋጋ አይደለም። ነጋዴው ይህን ገንዘብ በሥራው ላይ ቢያዞረው በዓመት 15 በመቶ የተጣራ ትርፍ ያገኝበታል እንበል። የታሰረው ገንዘብ በዓመት 1.5 ሚሊዮን ብር ያስቀራል ማለት ነው። ዓመቱን 300 የሥራ ቀን ካልነው መኪናው ከግቢ ሳይወጣ በቀን 5,000 ብር በላ። ነዳጅ፣ ዘይት፣ ጎማ፣ ኢንሹራንስና የሾፌር ደመወዝ ከዚህ በኋላ ነው የሚጨመሩት።

አሁን ጥያቄው ይቀልላል። ይህ መኪና በየቀኑ ለእኔ ከ5,000 ብር በላይ ሥራ ይሠራል? በወር ሦስት ጊዜ ገጠር የሚወርድ ሥራ ተቋራጭ «አዎ» ሊል ይችላል። ከሲኤምሲ ፒያሳ ተመላልሶ ማታ ጋራዡ ለሚያስገባው አስመጪ ግን መልሱ ሌላ ነው። የሥራ ማስኬጃውን አውጥቶ ገዝቶ፣ በማግሥቱ ዕቃ ማስገቢያ ከባንክ የሚበደር ከሆነማ አበው «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ያሉት ደረሰበት። የባንክ ወለዱን የሚከፍለው ለዕቃው ሳይሆን ለመኪናው ነው፤ በወረቀት ላይ ባይጻፍም።

ተወደደ ማለት አተረፈ ማለት ነው?

«ባለፈው የገዛሁት ዛሬ እጥፍ ያወጣል» የሚለው ወሬ ብዙ ሰው አስገዝቷል። ወሬው ውሸት አይደለም፤ ግን ሙሉ አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። እንግዲህ አንድ ሰው ከዚያ በፊት መኪና በ4 ሚሊዮን ብር ገዛ እንበል፤ በዶላር 70,000 ገደማ ነው። ዶላር 125 ብር በደረሰ ጊዜ በ7 ሚሊዮን ብር ሸጠ እንበል፤ በዶላር 56,000 ነው። በብር 3 ሚሊዮን «አተረፈ»፤ በዶላር ሲታይ 14,000 ጎደለበት። ገንዘቡን በሣጥን ካስቀመጠው ሰው ተሽሏል፤ የሚሸጥ ዕቃ ከገዛበት ነጋዴ ግን ሊያንስ ይችላል። መኪና ከብር መውደቅ የሚያስጠልል ጃንጥላ ሊሆን ይችላል፤ ዝናቡን ግን ገቢ አያደርገውም።

ሁለተኛም ዋጋውን ያቆመው ሕግ መሆኑን ማስታወስ ይገባል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ባገለገሉ መኪኖች ላይ እንደ ዕድሜያቸው የሚከብድ ግብር ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ማገዱን አስታወቀ። አቅርቦቱ ሲዘጋ በአገር ውስጥ ያለው ተወደደ። በሕግ የተሠራ ዋጋ ግን በሕግ ይፈርሳል። በሌላ በኩል መንግሥት በ2014 ዓ.ም. ለኤሌክትሪክ መኪኖች የሰጠው የግብር ቅናሽ የከተማውን ገዢ ወደዚያ ስቦታል። ቪኤይት ላይ ጥሪቱን የሚያኖር ሰው የመካኒክ ምክር ብቻ ሳይሆን የአዋጅ ዜናም መከታተል አለበት።

ኢንሹራንሱ እንዳያንስ

እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚጎዳ ነገር አለ። መኪናው ሲወደድ የኢንሹራንስ ውሉ አብሮ አያድግም። በተለመደው የሙሉ ዋስትና አሠራር መኪናው ከገበያ ዋጋው ባነሰ ከተመዘገበ ካሳውም በዚያው መጠን ይቀንሳል። 10 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ መኪና በ6 ሚሊዮን ተመዝግቦ 1 ሚሊዮን ብር ጉዳት ቢደርስበት፣ ተሰልቶ የሚገኘው 600,000 ብር ነው፤ ከዚያም ላይ በውሉ የተጻፈው የባለንብረቱ ድርሻ ይነሣል። ውሉን ባለፈው ዓመት ዋጋ ማደስ ጥቂት ሺህ ብር ቆጥቦ ብዙ መቶ ሺህ ማጣት ነው።

ከመፈረም በፊት

ያገለገለ ቪኤይት የሚገዛ አንባቢ ቢያንስ የሚከተሉትን ቢያደርግ ይበጀዋል።

1. ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ሄዶ ማስነሣት። አስቀድሞ ተሞቆ የሚጠብቅ ሞተር የሚደብቀው ነገር ሊኖር ይችላል።

2. የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬውና ከጉምሩክ ዲክላራሲዮኑ ጋር ማመሳከር። ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና ሲተላለፍ የሚከፈል ቀረጥና ግብር ስላለ «ይህን ማን ይከፍላል?» የሚለው በውሉ ላይ በጽሑፍ ይስፈር።

3. ዕዳና እገዳ እንደሌለበት መኪናው ከተመዘገበበት መሥሪያ ቤት ማጣራት። ለባንክ ብድር የተያዘ መኪና ባለቤቱ ቢለዋወጥም ዕዳው አብሮት ይሄዳል።

4. በውክልና ብቻ ገዝቶ አለመቀመጥ። ስም ማዛወሪያ ላለመክፈል ተብሎ በውክልና የተያዘ መኪና፣ ወካዩ ሲሞት ወይም ውክልናውን ሲሽር ገዢውን ለክስ ይዳርጋል። ሽያጩ ውልና ማስረጃ ይመዝገብ፣ ሊብሬው በስም ይዙር።

5. የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ብቻ አለማመን። የመሪው ቆዳ፣ የፍሬን መርገጫው ጎማና የሾፌሩ ወንበር ጠርዝ ከቆጣሪው ይልቅ እውነት ይናገራሉ።

6. የራስን መካኒክ ይዞ መሄድ። ደላላው ያመጣው መካኒክ የደላላው ነው።

እንግዲህ ለማን ይሆናል?

ሥራው ከአስፋልት ለሚያወጣው፣ ሰውና ዕቃ ይዞ ሩቅ ለሚሄድ፣ የመኪናውን ዋጋ ከሥራ ማስኬጃው ሳይነካ ለሚከፍል ሰው ትልቁ ላንድክሩዘር፣ በተለይም ናፍጣው፣ ጥሩ መሣሪያ ነው። ዋጋውም ይበዛበታል አይባልም። ትርፍ ገንዘብ ኖሮት ጥሪቱን ከፍሎ በተለያየ ንብረት ለሚያስቀምጥም፣ አንዱ ክፍል መኪና ቢሆን ክፋት የለውም፤ ሁሉም ግን መኪና መሆን የለበትም።

ከተማ ውስጥ ብቻ ለሚውል ነጋዴ ግን ሌላ ስሌት አለ። በወር አንድ ጊዜ ገጠር የሚወጣ ከሆነ ለዚያ ቀን መኪና ተከራይቶ፣ ለዘወትሩ አነስተኛ ወይም የኤሌክትሪክ መኪና ይዞ፣ ልዩነቱን በሥራው ላይ ቢያዞረው በዓመቱ መጨረሻ የሒሳብ መዝገቡ ያመሰግነዋል። ለክብሩ የሚገዛም ቢሆን ይግዛ፤ ክብርም በንግድ ዓለም በር ይከፍታል። ብቻ በመዝገቡ ላይ ስሙን «የክብር ወጪ» ብሎ ይጻፈው። በትክክለኛ ስሙ የተመዘገበ ወጪ ነጋዴን አይጥልም፤ የሚጥለው ትርፍ ተብሎ የተመዘገበ ወጪ ነው።